በመስኮቱ በኩል፦ ፕሮግራም ከርነልን በቀጥታ ሲጠይቅ

አንድ ፕሮግራም «ሰላም» የሚለውን ቃል ስክሪን ላይ ሲያወጣ፣ ቃሉን እዚያ ያስቀመጠው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም። ስክሪኑን አያውቀውም፤ እንዲነካውም አይፈቀድለትም። ፋይል መክፈት አይችልም። በኢንተርኔት መልእክት መላክ አይችልም። ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት አይችልም። ሌላው ቀርቶ ሥራውን ጨርሶ መውጣት እንኳ በራሱ አይሆንለትም። በራሱ ሥልጣን የሚያደርገው በተሰጠው ሚሞሪ ውስጥ ቁጥር ማንሳት፣ መደመር፣ ማወዳደርና መልሶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ይጠይቃል። የሚጠይቀው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን ነው፤ ጥያቄውም ሲስተም ኮል ይባላል።

ለዓመታት ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረው ይህን ጥያቄ አንድም ቀን በዓይናቸው ሳያዩ የሚያልፉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ሥራቸው በዚህ ምክንያት አይቆምም። እኔ ግን ሙያውን የያዘ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በመሀል አማላጅ ሳያስገባ፣ ከርነሉን በገዛ እጁ ሊጠይቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ያን ያደረገ ሰው ፕሮግራም የሚባለውን ነገር ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ምሳሌዬን ከሊኑክስ እወስዳለሁ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ከርነል ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ጥያቄው ከገባ በኋላ የሚሆነውንም ማንም ገልጦ ማንበብ ይችላል። ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ባለ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ዓይነት ነው እንበል። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው። የዚህ ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ከ0 እስከ 3 የተቆጠሩ አራት የሥልጣን እርከኖች አሏቸው። ሊኑክስ የሚሠራባቸው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው፦ ከርነሉ በ0፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በ3። በ0 እርከን ላይ ያለ ኮድ ሚሞሪውን በሙሉ፣ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን ያዛል። በ3 ላይ ያለ ኮድ ግን፣ ለምሳሌ ፕሮሰሰሩን የሚያስቆመውን ትእዛዝ ልፈጽም ቢል፣ ፕሮሰሰሩ እምቢ ይልና ለከርነሉ ያሳውቃል፤ ከርነሉም ፕሮግራሙን እዚያው ያቋርጠዋል። ይህ ጥብቅነት ያስፈልጋል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ የባንክ ሒሳብዎን የከፈቱበት ብራውዘር፣ የሙዚቃ ማጫወቻና ትናንት ከማያውቁት ሰው የተቀበሉት ፕሮግራም ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሦስቱም ዲስኩንና ሚሞሪውን እንዳሻቸው ቢያዙበት፣ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ጥፋት ይሆን ነበር።

ከመሥሪያ ቤት ፋይል ለማስወጣት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር አዲስ አይሆንበትም። ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ገብቶ መደርደሪያ አይበረብርም። ቅጽ ይሞላል፣ በመስኮት ያስገባል፣ ይጠብቃል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ቅጹን ያነባል፣ ማንነቱን ያጣራል፣ ፋይሉን ራሱ ሄዶ ያወጣል፤ አለዚያም አይቻልም ብሎ ይመልሰዋል። ፕሮግራም ባለጉዳይ ነው። ከርነሉ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ነው። መስታወቱ ደግሞ በፕሮሰሰሩ አካል ውስጥ የተሠራ ነው።

ታዲያ አብዛኛው ፕሮግራም መስኮቱ ድረስ ራሱ አይሄድም፤ ጉዳይ አስፈጻሚ አለው። በሊኑክስ ዓለም ዋናው ጉዳይ አስፈጻሚ የሲ ላይብረሪ፣ ማለትም በሲ ቋንቋ ለሚጻፉ ፕሮግራሞች አስቀድሞ የተዘጋጀው የኮድ ስብስብ ነው። በሲ ቋንቋ «ፕሪንትኤፍ» ብለው ጽሑፍ እንዲወጣ ሲያዝዙ፣ ላይብረሪው ጽሑፉን ያዘጋጃል፣ ለጊዜው በራሱ ማቆያ ያከማቻል፣ ሲሞላለት ወይም ጊዜው ሲደርስ ቅጹን ሞልቶ ከርነሉ ዘንድ ይዞት ይቀርባል። የተለመደው ፓይተን የተጻፈው በሲ ስለሆነ የሚሄደው በዚሁ በር ነው። የአብዛኛው ቋንቋ መንገድ ዞሮ ዞሮ ወደዚሁ መስኮት ይወስዳል። በቀጥታ መጠየቅ ማለት ጉዳይ አስፈጻሚውን ትቶ ቅጹን ራስ መሙላት ነው።

ቅጹ የሚሞላው በሬጅስተሮች ላይ ነው። ሬጅስተር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች፣ አንድ ቁጥር ብቻ የምትይዝ ጠባብ መሳቢያ ናት። በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ለጠቅላላ ሥራ የሚውሉት 16 ናቸው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን አራቱ ይበቃሉ። አርኤኤክስ የምትባለው የጉዳዩን ዓይነት ትይዛለች። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ቁጥር ሰጥቶታል፦ ማንበብ 0፣ መጻፍ 1፣ ፋይል መክፈት 2፣ መዝጋት 3፣ ከሥራ መሰናበት 60፤ ዝርዝሩ በጠቅላላው ከ300 በላይ ነው። እኛ መጻፍ ስለምንፈልግ በአርኤኤክስ 1 እናስቀምጣለን። አርዲአይ የት እንደሚጻፍ ትናገራለች፤ እሷም ላይ 1 ይገባል፤ ይህ 1 የተለመደው መውጫ ማለት ነው። አርኤስአይ ጽሑፉ የሚገኝበትን የሚሞሪ አድራሻ፣ አርዲኤክስ ደግሞ ምን ያህል ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የሚይዝ የሚሞሪ መለኪያ) እንደሚጻፍ ትይዛለች። ከዚያ «ሲስኮል» የምትባለውን አንዲት ትእዛዝ መስጠት ነው። አሰምብሊ በሚባለው፣ የፕሮሰሰሩን ትእዛዞች አንድ በአንድ በሚያስጽፈው ቋንቋ፣ ሁሉም አምስት መስመር ነው።

እኔ መጀመሪያ የሞከርሁት «ሰላም» ብዬ ነበር። ሦስት ፊደል ነው፤ መስመር የሚያወርደው ምልክት ሲጨመር አራት። በአርዲኤክስ 4 አስቀመጥሁና አስኬድሁት። ስክሪኑ ላይ «ሰ» ወጣች፤ ከአጠገቧ በውስጡ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ መሰል ነገር ተቀመጠ፤ መስመሩም ሳይወርድ ቀረ። አሰምብሊውን አምስት ጊዜ ያህል መላልሼ አነበብሁት። አንድም ስህተት አልነበረበትም። የተሳሳተው አቆጣጠሬ ነበር፦ እኔ የቆጠርሁት ፊደል ነው፣ ከርነሉ የሚቆጥረው ባይት ነው።

የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት በየቁጥራቸው በሰፈሩበት በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ቦታው ከ4608 ይጀምራል። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ያወጡት ዩቲኤፍ 8 የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ ከ2048 እስከ 65535 ባለው ክልል ውስጥ ለሚገኝ ምልክት ሁሉ ሦስት ሦስት ባይት ይመድባል። የላቲኑ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። ስለዚህ «ሰ» ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። «ላ» 225፣ 136፣ 139 ነው። «ም» 225፣ 136፣ 157 ነው። መስመር የሚያወርደው 10 ቁጥር ሲጨመር ድምሩ አሥር ባይት ይሆናል። እኔ አራት ብዬ ስጠይቅ ከርነሉ የ«ሰ»ን ሦስት ባይትና የ«ላ»ን የመጀመሪያ ባይት አወጣና አቆመ። ያ አልማዝ መሰል ምልክት ከሦስት ባይቷ ሁለቱን ያጣችው «ላ» ነበረች።

ይህን ገጠመኝ ያነሣሁት የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ስለማይነግሩን ነው። ምሳሌያቸው ሁልጊዜ አንድ ፊደል ለአንድ ባይት በሆነበት ጽሑፍ ስለሚሠራ፣ ፊደልም ባይትም ቢቆጠር ውጤቱ አንድ ነው። በአማርኛ የሚሞክር ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን እውነቱ ላይ ይወድቃል። ከርነሉ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። አማርኛ ይሁን ሥዕል ይሁን ድምፅ፣ ለእሱ የባይት ሰልፍ ነው። ቅርጹን የሚሥለው ከብዙ እርምጃ በኋላ ትእዛዝ የምንጽፍበትና ውጤቱን የምናይበት የተርሚናሉ ፕሮግራም ነው፤ እሱም በተራው ሌላ ባለጉዳይ ነው። ይህን ከአንድ ገጽ ትምህርት ይልቅ ያቺ የተቆረጠች «ላ» አስተማረችኝ።

አሁን ወደ «ሲስኮል» ትእዛዝ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ሲያገኝ፣ ፕሮግራሙ በኋላ የሚመለስበትን አድራሻ አርሲኤክስ ላይ፣ የወቅቱን የሁኔታ ምልክቶች አር11 ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ እርከኑን ከ3 ወደ 0 ያነሣና ከርነሉ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ወሰነው አንድ አድራሻ ይዘላል። ልብ ይባል፦ ፕሮግራሙ ወዴት እንደሚዘል አይመርጥም። ሥልጣን የሚጨመርለት ኮድ የከርነሉ ነው፤ የፕሮግራሙ አይደለም። በዚህ የተነሣ በቀጥታ የሚጠይቅ ሰው አንድ ነገር መያዝ አለበት። ከ«ሲስኮል» በፊት በአርሲኤክስና በአር11 ያስቀመጠው ቁጥር ከ«ሲስኮል» በኋላ የለም። ተራ ፈንክሽን አራተኛውን መረጃ በአርሲኤክስ ሲቀበል፣ ከርነሉ ግን በአር10 የሚቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሳያውቅ አራት መረጃ የሚፈልግ አገልግሎት የጠየቀ ሰው መልሱ ለምን እንደተበላሸ ግራ ይገባዋል።

ከርነሉ ቅጹን ሲቀበል አያምነውም። ቁጥሩ በዝርዝሩ ውስጥ አለ? መውጫው የተከፈተ ነው? በአርኤስአይ ያለው አድራሻ የዚህ ፕሮግራም ነው ወይስ የሌላ? ሁሉን አጣርቶ ሥራውን ይሠራና መልሱን በአርኤኤክስ ላይ ትቶ ይመልሰዋል። ለ«ሰላም» መልሱ 10 ነው፤ አሥሩም ባይት ተጽፏል ማለት ነው። ካልሆነ መልሱ ኔጌቲቭ ቁጥር ይሆናል፦ ፋይሉ ከሌለ -2፣ ያልተከፈተ መውጫ ከተሰጠው -9፣ ፈቃድ ከሌለ -13፣ አድራሻው የማይሆን ከሆነ -14። በሲ ላይብረሪ በኩል የሚሄድ ሰው ይህን ቁጥር አያየውም፤ ላይብረሪው -1 ብቻ ይመልስና ምክንያቱን «ኤርኖ» በሚባል ቦታ ያስቀምጥለታል። በቀጥታ የጠየቀ ሰው ግን መልሱን ራሱ ማንበብ አለበት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ሁኔታም አለ። ከርነሉ አሥር ባይት ጻፍልኝ ተብሎ ስድስት ብቻ ጽፎ 6 ብሎ ሊመልስ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። የቀረውን አራት እንደገና መጠየቅ የባለጉዳዩ ድርሻ ነው። በሙከራ ቀን የማይታይ፣ መረጃው ሲበዛና ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ብቅ የሚል ጉድለት የሚፈጠረው ይህን በመዘንጋት ነው።

መውጣትም ጥያቄ ነው ብያለሁ። በአርኤኤክስ 60፣ በአርዲአይ 0 አስቀምጦ እንደገና «ሲስኮል» ማለት ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ «ሰላም» ብሎ በትክክል ከጻፈ በኋላ በሚሞሪ ስህተት ተቋረጠ የሚል መልእክት ያያል። ፕሮሰሰሩ ኮዱ ማለቁን አያውቅም፤ ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ ያለውን ማንኛውንም ነገር ትእዛዝ ነው ብሎ ማንበቡን ይቀጥላል። በሲ ቋንቋ ስንጽፍ ይህን የሚያደርግልን ላይብረሪው ስለሆነ፣ ፕሮግራም በራሱ የሚያልቅ ይመስለናል።

የአገልግሎቶቹ ቁጥር በሁሉም ማሽን ላይ አንድ አይደለም፤ ጀማሪን በብዛት የሚያደናቅፈውም ይኸው ነው። መጻፍ በባለ 64 ቢቱ ፕሮሰሰር 1 ነው፤ በቀድሞው ባለ 32 ቢት 4 ነበር፤ በባለ 64 ቢት የአርም ፕሮሰሰር ላይ 64 ነው። የቀድሞው ባለ 32 ቢት መንገድ በሩም ሌላ ነበር፤ በ«ሲስኮል» ፈንታ 128 ቁጥር ያለው ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ ወደ ከርነሉ እንዲዞር የሚያደርግ ምልክት) ይጠራ ነበር። ያ በር ዛሬም በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ክፍት ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከአሮጌ ትምህርት የድሮውን በር፣ ከአዲስ ትምህርት ደግሞ አዲሱን ቁጥር ወስዶ ቢያቀላቅል ምን ይሆናል? በድሮው ዝርዝር 1 ቁጥር ትርጉሙ መሰናበት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ፊደል ሳይጽፍ፣ የስህተት መልእክትም ሳይሰጥ ጸጥ ብሎ ይወጣል። በተቃራኒው አዲሱን በር በድሮው ቁጥር 4 ቢያንኳኳ፣ በአዲሱ ዝርዝር 4 የፋይልን ዝርዝር መረጃ መጠየቂያ ስለሆነ፣ ከርነሉ በአርዲአይ ያለውን 1 የፋይል ስም አድራሻ አድርጎ ሊያነብ ይሞክራል፤ መልሱም -14 ነው። ምንም ሳይል የሚወጣ ፕሮግራም ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ ይህን ይመርምር።

ሊኑክስን ለዚህ ሥራ የመረጥሁት ቃሉን ስለሚጠብቅ ጭምር ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር ለሌላ አገልግሎት አይሰጥም፤ ትናንት ይሠራ የነበረን ፕሮግራም አዲስ ከርነል እንዳይሰብረው መጠበቅ የሊኑስ ቶርቫልድስ የማያወላውል ሕግ ነው። ሌሎቹ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጡም። በዊንዶውስ ቁጥሮቹ ከእትም እትም ይለወጣሉ፤ ማይክሮሶፍት የሚያውቀው ይፋዊ መንገድ በራሱ ላይብረሪዎች በኩል ያለውን ነው። አፕልም እንዲሁ። ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በማክ ላይ ከርነሉን በቀጥታ ይጠይቅ ነበር። በ2016 ሲየራ የተባለው የማክ እትም ሰዓት የሚጠየቅበትን አሠራር ሲለውጥ፣ ቀድሞ በጎ ቋንቋ የተሠሩ ፕሮግራሞች በትክክል መሥራት አቃታቸውና እንደገና መገንባት ነበረባቸው። በ2018 በወጣው 1.11 እትም ጎ በማክ ላይ ቀጥተኛውን መንገድ ትቶ በአፕል ላይብረሪ በኩል መሄድ ጀመረ። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ባለቤቱ ቃል ባልገባበት በር ላይ የሌላ ሰውን ሥራ ማቆም አይገባም።

ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከሁሉም ይበልጥ ጥብቅ ነው። በሚያዝያ 2024 በወጣው 7.5 እትሙ ማንኛውንም አገልግሎት በቁጥር ብቻ ለመጠየቅ የሚያስችለውን አጠቃላይ ፈንክሽን አስወገደ፤ ከርነሉም ጥያቄው አስቀድሞ ከተመዘገበ የኮድ ቦታ መምጣቱን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ ፕሮግራሙን ያቋርጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ፕሮግራም ሰርጎ የገባ ወንበዴ ኮድ መጀመሪያ የሚፈልገው ከርነሉን ነው፤ ያለ ከርነሉ ምንም መስረቅ አይችልም። በዊንዶውስ ላይ አጥፊ ፕሮግራሞች ቀጥተኛ ጥሪ የሚወዱትም ስለዚህ ነው፦ የጥበቃ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚከታተሉት ላይብረሪው ላይ ቆመው ስለሆነ፣ ላይብረሪውን የዘለለ ከዓይናቸው ያመልጣል። ሊኑክስ ይህን ስጋት የሚመልሰው በሌላ መንገድ ነው። ሴክኮምፕ በሚባለው ዘዴ አንድ ፕሮግራም ከእንግዲህ የምጠይቀው እነዚህን ብቻ ነው ብሎ ሌላውን መብቱን አስቀድሞ ይተዋል። ክሮም ብራውዘር በሊኑክስ ላይ ከማያምነው ድረ ገጽ የመጣን ሥራ የሚያስተናግደው እንዲህ እጁን ባሰረ ፕሮግራም ውስጥ ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። ላይብረሪውን ከመሀል ካወጣሁ ፕሮግራሜ ይፈጥናል ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ውዱ ነገር መስኮቱን መሻገር ነው፤ ላይብረሪው ደግሞ መሻገሩን የሚቆጥብ ነው። አሥር ሚሊዮን ባይት ያለውን ፋይል ባይት በባይት የሚጽፍ ሰው አሥር ሚሊዮን ጊዜ ይሻገራል። በ4096 ባይት እየጠቀለለ የሚጽፍ 2442 ጊዜ ብቻ። አንዱ መሻገር መቶ ናኖሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ የመጀመሪያው ለመመላለስ ብቻ አንድ ሙሉ ሰከንድ ያጠፋል፤ ሁለተኛው የሰከንድ አራት ሺኛ አይሞላም። በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ጉድለት ሲገለጥ፣ ፕሮግራም ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሚሞሪ ሊሰልል እንደሚችል ታወቀ። ሊኑክስ ስንጥቁን ለመድፈን የከርነሉንና የፕሮግራሙን የሚሞሪ ካርታ ለየ፤ በዚህም ጉድለቱ ባለባቸው ፕሮሰሰሮች ላይ እያንዳንዱ መሻገር ቀድሞ ከነበረው ይበልጥ ውድ ሆነ።

ከርነሎቹም ራሳቸው መመላለሱን ለመቀነስ ይጥራሉ። ሰዓት መጠየቅ በጣም ስለሚደጋገም፣ ሊኑክስ ለሰዓት የሚያስፈልገውን መረጃ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ሚሞሪ ውስጥ ለንባብ ብቻ ያስቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙ ሳይሻገር እዚያው ያነባል። ከመስኮቱ ውጭ እንደተለጠፈ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማለት ነው። ይንስ አክስቦ በ2019 ወደ ሊኑክስ ያስገባው አይኦ ዩሪንግ ደግሞ ፕሮግራሙና ከርነሉ በጋራ የሚያዩት ወረፋ ነው፤ ብዙ ቅጽ በአንድ ጊዜ ይደረደራል፣ መልሱም ሲደርስ ከሌላ ወረፋ ይነሣል።

እንግዲያውስ በቀጥታ መጠየቅ መቼ ያስፈልጋል? ጉዳይ አስፈጻሚው አዲሱን አገልግሎት ገና ሳይማር ሲቀር ያስፈልጋል። አስተማማኝ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው «ጌትራንደም» በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው በ2014 ነው፤ ጂሊብሲ የተባለው ዋናው የሲ ላይብረሪ በስሙ እንዲጠራ ያደረገው ግን በ2017 ነው። የራስን የሥራ ክር ቁጥር የሚያስታውቀው «ጌትቲአይዲ» ደግሞ ከርነሉ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ኖሮ ላይብረሪው ውስጥ የገባው በ2019 ነው። በዚያ መሀል የሚፈልገው ሰው በቁጥሩ መጠየቅ ነበረበት። ለዚህም ቢሆን አሰምብሊ አያስፈልግም፤ ላይብረሪው ራሱ ቁጥርና መረጃ ተቀብሎ እንዳለ የሚያስተላልፍ «ሲስኮል» የሚል ፈንክሽን አለው፤ መረጃውን በየሬጅስተሩ ማስቀመጡንና መልሱን ማስተካከሉን እሱ ይሠራል። ያለላይብረሪ በጣም ትንሽ ፕሮግራም መሥራት የሚፈልግና አዲስ ቋንቋ የሚሠራም በቀጥታ ይጠይቃል። ለሌላው የዕለት ሥራ ላይብረሪው ይበቃል።

በእጁ የሞከረ ሰው ደግሞ ኤስትሬስ የተባለችውን መሣሪያ ማንበብ ይችላል። ኤስትሬስ አንድ ፕሮግራም ለከርነሉ ያቀረበውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከነመልሱ መስመር በመስመር የምታሳይ ናት። ፕሮግራም ሲንቀረፈፍ ወይም ፋይል አጣሁ ሲል እኔ መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነው፤ የት ፈልጎ የት -2 እንደተባለ እዚያው ይታያል። በሲ የተጻፈ፣ «ሰላም» ብቻ የሚል ፕሮግራም በእሷ ፊት ሲሮጥ በርካታ መስመር ይዘረግፋል፦ ላይብረሪው ይፈለጋል፣ ይከፈታል፣ ሚሞሪ ይጠየቃል፣ ፈቃድ ይስተካከላል፤ ሰላምታው የሚመጣው ከመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው። በእጅ የተሠራው ሦስት መስመር ብቻ አለው። የመጀመሪያው የፕሮግራሙ መነሣት ነው፤ ሦስተኛው 0 ብሎ መሰናበቱ ነው። መካከለኛው የመጻፉ ጥያቄ ነው። ኤስትሬስ የላቲን ያልሆነውን ባይት ከ0 እስከ 7 ባሉት አሃዞች ብቻ በሚጻፈው የስምንት ቤት ቁጥር ስለምታሳየው፣ «ሰላም» እዚያ 341፣ 210፣ 260፣ 341፣ 210፣ 213፣ 341፣ 210፣ 235 ሆኖ ይነበባል፤ ቀጥሎ መስመር ማውረጃው፣ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከእሱም ቀጥሎ የከርነሉ መልስ፦ 10።